ከአካውንቱ ጋር የሚሸጥ የጌም ቤት አትግዙ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በዲስኮርድ ግሩፖች “ሺሮጋኔ ላይ መካከለኛ ቤት፣ ከነዕቃው፣ ከነአካውንቱ” የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ሺሮጋኔ ፋይናል ፋንታሲ 14 በሚባለው የኢንተርኔት ጌም ውስጥ ያለ የመኖሪያ አካባቢ ነው። ፎቶው ያማልላል። ግቢው የተነጠፈ ነው፣ ሳሎኑ የተሟላ ነው፣ በረንዳው ባሕር ያያል። ዋጋው በዶላር ተጽፏል። ሻጩ ግን በአብዛኛው የሚቀበለው በዩኤስዲቲ፣ ማለትም በክሪፕቶ ገንዘብ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 የምትጫወቱ ሁሉ፣ ለልጅ ወይም ለታናሽ ወንድም ካርዳችሁን የምታውሱም ጭምር፣ እባካችሁ አትግዙ።

ገዢ የሚገኘው እዚያ ጌም ውስጥ ቤት ብርቅ ስለሆነ ነው። አንድ ሰፈር 60 ቦታ ብቻ አለው። ትንሹ ቦታ ከ3 ሚሊዮን ጊል ጀምሮ፣ ትልቁ እስከ 50 ሚሊዮን ይሸጣል። ጊል የጌሙ ገንዘብ ነው፤ ተጫውቶ ማጠራቀም ይቻላል። የሚጠፋው ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው ቦታ የሚሰጠው በእጣ ነው። አምስት ቀን ምዝገባ፣ ከዚያ አራት ቀን ውጤት ማያ። የቦታውን ዋጋ አስቀድመህ ታስይዛለህ፤ ካልወጣልህ ተመልሶ ይሰጥሃል። ከዚያ እንደገና ትመዘገባለህ። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በየዙሩ እየተመዘገበ ያልወጣለት ሰው ሆዱ ባባ ማለት ነው፤ ሻጮቹም የሚያጠምዱት እሱን ነው።

አንድ ዱባይ የሚሠራ ወንድማችን እንዲህ ሆነ። በቡድናችን ውስጥ ከሁሉም ትጉ እሱ ነበር። ዋሽንግተን ያሉት ከሥራ ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ ያለነው ልንተኛ ስንል፣ እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ የምንገናኝባት አንዲት ሰዓት አለችን። ለዚያች ሰዓት የራሳችን ቤት እንዲኖረን ፈለገ። እጣው አልወጣለትም። ከደሞዙ ቀንሶ ከነቤቱ አንድ አካውንት ገዛ። ኢሜይሉንና ፓስወርዱን ተቀበለ፣ ገባ፣ ቤቱ እውነትም እዚያው ነበር።

እኛም ደስ ብሎን ዕቃ አዋጣን። አንዷ እህታችን ምንጣፍና መጋረጃ በእጇ ሠርታ አመጣች። ሌላው ዝቅ ያሉ ወንበሮችን በክብ ደርድሮ መሃል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጠ፣ በላዩም ስኒ የሚመስል ነገር አገጣጥሞ ደረደረበት። ቡና የምንጠጣበት ቦታ ማለት ነው። ከበሩ አጠገብ አበባ ተከልን። የጎረቤት ቤት ባለቤት፣ አንድ የማናውቀው ጀርመናዊ፣ መጥቶ ሰላም ይለን ጀመር፤ በኋላ ከእኛ ጋር መቀመጥ ልማዱ ሆነ።

አንድ ምሽት ወንድማችን ሊገባ ሲል ፓስወርዱ አልሠራ አለ። ሻጩ አካውንቱን መጀመሪያ ያስመዘገበው እሱ ነው። የተመዘገበበትን ስም፣ የመጀመሪያውን ክፍያ፣ የጌሙን ኮድ ሁሉ ያውቃል። ለድጋፍ ሰጪዎች “አካውንቴ ተሰረቀብኝ” ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር የቀረው። ወንድማችን በቴሌግራም ጻፈለት፤ ሻጩ መልእክቱን አየ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገው። ምናልባት ያ ቤት ዛሬ ለሌላ ሰው ከነምንጣፋችን ተሽጦ ይሆናል።

ለኩባንያው ቢያመለክትስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። አካውንት መግዛትና መሸጥ በጌሙ የአጠቃቀም ውል የተከለከለ ነው። በጌም ውስጥ ያለን ነገር በእውነተኛ ገንዘብ መግዛትም እንደዚሁ። ስለዚህ ገዢው አቤት ሲል መጀመሪያ የሚያመለክተው በራሱ ላይ ነው። የራሱ ንጹሕ አካውንት ሳይቀር ሊታገድበት ይችላል። በዩኤስዲቲ የተከፈለን ገንዘብ ደግሞ የሚመልስ ባንክ የለም። ሻጩ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ንግዱም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

“አካውንት ሳይሆን ፍሪ ካምፓኒ ነው የምሸጥልህ” የሚልም አለ። ፍሪ ካምፓኒ የጌሙ ማኅበር ነው፤ ቤቱ በማኅበሩ ስም ነው፣ ሻጩ መሪነቱን ያስተላልፍልሃል። ከመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል፣ ግን ቅድሚያ የምትከፍለው አንተ ነህ። ከፍለህ መሪነቱን ባያስተላልፍልህ የምትይዘው የለህም። ቢያስተላልፍልህም ውሉን የጣሰ ግብይት ስለሆነ ከታወቀ ጣጣው የሚተርፈው ለአንተ ነው።

ሌላም ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። የግል ቤት ባለቤቱ ራሱ 45 ቀን ካልገባበት ይፈርሳል። ጓደኞቹ በየቀኑ ቢገቡም አይቆጠርም፣ ባለቤቱ ነው መግባት ያለበት። ከፈረሰ በኋላ በ35 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ከቦታው ዋጋ 80 በመቶ በጊል ይመለስለታል፤ ቦታው ግን ሄዷል። የጌሙ ወርሃዊ ክፍያ ከተቋረጠ መግባት ስለማይቻል ቀኑ መቁጠር ይጀምራል። አገር ቤት ሆኖ በሰው ካርድ ለሚከፍል ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካርዱን ያዋሰው ዘመድ አንድ ወር ቢረሳ፣ ሌላ ወር ቢቸገር፣ ቤቱ አለቀለት።

ከዚህም የባሰ ገና ባልተሠራ ጌም ውስጥ መሬት መግዛት ነው። ክሮኒክልስ ኦፍ ኤሊሪያን የሚያስታውስ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪክስታርተር፣ ሕዝብ ለሥራ ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ፣ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ከዚያ ማዕረግ መሸጥ ቀጠለ፤ ባላባት ሁን፣ ንጉሥ ሁን፣ ግዛትህን ያዝ እያለ። ለንግሥና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈሉ ነበሩ። በማርች 2020 ስቱዲዮው ገንዘብ አለቀብኝ ብሎ ሠራተኞቹን አሰናበተ። በኋላ ሥራው ይቀጥላል ቢባልም፣ ሰዎቹ ቦታ የገዙበት ዓለም አልተከፈተላቸውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። “አሁን ካልያዝክ ዋጋው ይጨምራል” የሚል የመሬት ማስታወቂያ ስታዩ፣ ጌሙን ዛሬ ገብታችሁ መጫወት ትችሉ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ። ካልቻላችሁ ብራችሁ ኪሳችሁ ይቀመጥ።

ባለቤትነትን በብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚቀመጥ የጋራ መዝገብ የሚይዝ ጌምም ቢሆን ከዚህ አያድንም። በኖቬምበር 2021 ዲሴንትራላንድ በሚባል እንዲህ ያለ የኢንተርኔት ዓለም ላይ አንድ መሬት በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል። መዝገቡ ላይ የባለቤትነቱ ምልክት ሊቀመጥ ይችላል። ጎረቤት ግን በመዝገብ አይመጣም። ሰው የሌለበት ሰፈር ውስጥ ቤት መያዝ ምን ያደርጋል?

ጌም በእርግጥ ይዘጋል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስታር ዎርስ ጋላክሲስ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፍቶ ተጫዋቾች ራሳቸው ከተማ ቆርቁረው፣ ከንቲባ መርጠው ይኖሩበት ነበር። በዲሴምበር 15 ቀን 2011 ሰርቨሩ ጠፋ፣ ከተሞቹም አብረው። አርኬጅ የሚባለው ሌላ ጌም በምዕራቡ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር መሬት መያዝ የሚችለው ወርሃዊ የሚከፍል ተጫዋች ብቻ ነበር፤ ግብር ያልከፈለ ቤቱ ይፈርስበታል። በጁን 2024 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዘጋ። አሥር ዓመት ገደማ ግብር የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ወጣ። እኔ እነዚህን ጌሞች አልወቅስም። ሰዎቹ ለዓመታት አብረው ደስ ብሏቸው ኖረዋል፣ ያ ዋጋ አለው። ግን የጌም ቤት ስትገዙ የምትገዙት ኩባንያው እስከፈቀደ ድረስ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ለዚያ የሚገባውን ያህል ብቻ ክፈሉ፤ ለሌባ ደግሞ ምንም።

አብሮ መሰብሰቢያ ለሚፈልግ ቡድን እዚያው ፋይናል ፋንታሲ ውስጥ ሕጋዊ መንገድ አለ። አፓርታማ በ500 ሺህ ጊል ይገኛል፤ እጣ የለውም፣ ሳትገቡ ብትቆዩም አይፈርስም። ጠባብ ነው፣ ግቢ የለውም፣ ግን ወንበር በክብ ለመደርደር ይበቃል። እኛም አሁን የምንገናኘው እዚያ ነው። የማኅበር ቤት ከወጣላችሁ ደግሞ ከአባላቱ አንዱ እንኳ ከገባ ቀኑ እንደገና ይጀምራል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ካርድ ቢቋረጥ ሌላው ያድናችኋል። በነጻ ሙከራው የምትጫወቱ ግን ቤት መግዛት አትችሉም። “ለነጻ ተጫዋችም ይሆናል” ያላችሁ ሰው ዋሽቷል።

ጌሙን ገና ያልመረጣችሁ ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቤት እጣ እንደሌለው፣ ክፍያ ቢቋረጥም እንደማይወሰድ ኩባንያው አስታውቋል። ማይንክራፍትና ቫልሄይም ላይ ደግሞ የሠራችሁት ዓለም ፋይሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ይችላል። ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለጓደኛ መስጠት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ቢጠፋ፣ ሰርቨር ቢዘጋ፣ ከገለበጣችሁበት ትቀጥላላችሁ። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

አሁን ከሻጭ ጋር በድርድር ላይ ያላችሁ፣ አቁሙ። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ቀሪውን አትጨምሩ፤ “ግማሹን ከፍለሃል፣ ቤቱ ለሌላ ይሄድብሃል” ማለት የተለመደ ማስፈራሪያ ነው። በካርድ የከፈላችሁ ዛሬውኑ ለባንኩ ደውሉ። አካውንቱን ተረክባችሁ ከሆነ የራሳችሁን ጊልና ዕቃ ወደዚያ አታስገቡ፣ ጓደኞቻችሁም እንዳያዋጡ ንገሯቸው። የመታወቂያ ፎቶ የጠየቃችሁ ካለ በምንም ምክንያት አትላኩ። የሻጩን የቴሌግራም ስምና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንስታችሁ ለግሩፑ አድሚን ስጡ፤ ስሙን ቢቀይርም የማስታወቂያው ፎቶ ብዙ ጊዜ ያው ስለሆነ ይታወቃል።

ከተበላችሁ በኋላ ደግሞ በውስጥ መስመር “ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ብቻ ክፈል” የሚል ሰው ይመጣል። ለወንድማችን በማግስቱ ነው የጻፈለት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ራሱ ሻጩ ነው፣ ወይ ስማችሁን ከሻጩ የገዛ ነው። እሱንም አትክፈሉት።