የከዚራው የዲፕሎማሲ ሕግ ሥልጠና

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ የሥልጠና ማዕከል ለትራንዚተሮች፣ ለነጋዴዎችና ለሕግ ተማሪዎች ያዘጋጀው የማታ ሥልጠና፣ መንግሥታት ሲጋጩ ዲፕሎማቶች በምን አግባብ ከአገር እንደሚባረሩ የሚያስረዳ ነው። ከአንድ ትልቅ ጉድለት በቀር ለተከፈለበት ገንዘብ የሚመጥን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዋናው ጥንካሬው እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነትን የሚገዛው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 9 የተብራራበት መንገድ ነው። ተቀባዩ አገር አንድን ዲፕሎማት በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ ሳይኖርበት፣ ተቀባይነት የሌለው ሰው ብሎ ሊያሳውቅ እንደሚችል፣ ላኪው አገር ሰውየውን በተገቢው ጊዜ ካልጠራ ደግሞ ተቀባዩ አገር የሚሲዮኑ (የኤምባሲው) አባል አድርጎ ላለመቀበል መብት እንዳለው አሠልጣኙ አስረድተዋል። ይህ ሰፊ ሥልጣን የተሰጠው ዲፕሎማቱን ማሰርና በወንጀል መክሰስ ስለተከለከለ መሆኑን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1984 ለንደን ላይ በሆነው ነገር ነው። ከሊቢያ ኤምባሲ በተተኮሰ ጥይት አንዲት ፖሊስ ብትገደልም፣ ብሪታንያ ግንኙነቷን አቋርጣ በሕንፃው የነበሩትን ከአገር አስወጣች እንጂ ለፍርድ አላቀረበቻቸውም። የሟቿን ቤተሰብ ለሚያስብ ሰው ይህ እጅግ መራራ ነው። አሠልጣኙም ምሬቱን ሳያቃልሉ፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 በቴህራን ታጋቾች ጉዳይ፣ ማለትም በኢራን የአሜሪካ ኤምባሲ ተይዞ ሠራተኞቹ በታገቱበት ጉዳይ፣ የሰጠውን ውሳኔ አያያዙት፤ ሕጉ በደል ለሚፈጽም ዲፕሎማት ማባረርንና ግንኙነት ማቋረጥን መፍትሔ አድርጎ ስላስቀመጠ፣ ኤምባሲ መያዝም ሆነ ሠራተኞችን ማገት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሥልጣናት እንዲወጡ ማዘዟና ድርጅቱ «ተቀባይነት የሌለው ሰው» የማለቱ ደንብ በሠራተኞቼ ላይ አይሠራም ብሎ መከራከሩም ተነሥቷል። የሁለቱም ወገን አቋም ሳይዛባ ቀርቧል።

በውጭ አገር ያሉ ዜጎችን የሚረዱ ቆንስላዎችን የሚመለከተው የቆንስላ ሕግ ግን በመጨረሻው ሰዓት በችኮላ ታለፈ። ከጅቡቲ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ለተቆረቆረች፣ ዛሬም ብዙ ሾፌርና ነጋዴ ድንበር ተሻግሮ ለሚያድርባት ከተማ ይህ ሊሆን አይገባም ነበር። በውጭ አገር የታሰረ ሰው ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ሲቋረጥም የቆንስላ ግንኙነት በዚያው ብቻ እንደማይቋረጥ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ይደነግጋል። ሠልጣኞቹም ደጋግመው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የታደለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑም ለብዙዎቹ አስቸጋሪ ነበር። ለሕግ ተማሪ ሥልጠናውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ትራንዚተሮችና ሾፌሮች ግን ለቆንስላ ሕግ አንድ ሙሉ ምሽት መመደቡን ጠይቀው ቢመዘገቡ ይሻላል።