ነባሩን ዕቃ ማሻሻል ወይስ አዲስ መፍጠር፦ የአንድ የዲዛይን ተማሪ ንጽጽር

የዲዛይን ተማሪ ፕሮጀክት ሲመርጥ ሁለት መንገድ ከፊቱ ይቀርባል፤ ያለውን ዕቃ እንደገና መንደፍ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕቃ ማሰብ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ነባር ዕቃ ጉድለቱን በራሱ ይናገራልና። ባለፈው ያሻሻልኩት ማንቆርቆሪያ ክዳኑ ሲከፈት እንፋሎቱ በቀጥታ ጣት ላይ ይወጣ ነበር። ይህን ያወቅሁት ሰዎች ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በጨርቅ ሲጠቀልሉ አይቼ እንጂ ማንንም ጠይቄ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የወጥ ቤት ዕቃ አምራቹ የኦክሶ የአትክልት መላጫም መነሻው እንዲሁ ምልከታ ነው፤ የኦክሶ መሥራች ሳም ፋርበር ባለቤታቸው በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የተለመደውን መላጫ ለመያዝ ሲቸገሩ አይተው፣ ስማርት ዲዛይን ከተባለው ድርጅት ጋር ወፍራምና ለስላሳ እጀታ አበጁለት። መላጫው ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

አዲስ ፈጠራ ግን የሚወዳደርበት ነባር ዕቃ የለውም፤ አንዳንዴም መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። በሦስት ኤም ኩባንያ ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 በቀላሉ የሚላቀቅ ማጣበቂያ ሲያገኝ ለምን እንደሚውል ግልጽ አልነበረም፤ የሥራ ባልደረባው አርት ፍራይ ለገጽ ምልክት ሊጠቀምበት ያሰበው በ1974 ሲሆን፣ ፖስት ኢት የተባለው፣ በዚሁ ማጣበቂያ የሚለጠፍ የማስታወሻ ወረቀት በመላው አሜሪካ የተሸጠው በ1980 ነው። አንድ የትምህርት መንፈቅ ይህን ያህል አይታገሥም። በእርግጥ ማሻሻልም ወጥመድ አለው፤ ቀለም ቀይሮ ጠርዝ አለስልሶ «አዲስ ንድፍ» ማለት ይቀላል፣ የመጀመሪያው የማንቆርቆሪያ ንድፌም ከዚህ አላለፈም ነበር።