«በ3 ወር ፉል ስታክ፣ ስራ በዋስትና» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ማስታወቂያው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ በየቀኑ አለ። ፉል ስታክ የሚባለው የድረ ገጽን የሚታየውንም ከጀርባ ያለውንም ክፍል የሚሰራ ባለሙያ ነው። «ከዜሮ ጀምረን በ3 ወር ፉል ስታክ ዴቨሎፐር እናደርግዎታለን! ስራ እናስቀጥራለን! የቀረው የ5 ሰው ቦታ ብቻ ነው!» ይቺ የአምስት ሰው ቦታ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልሞላችም። አሁንም አዲስ ባች ሊጀመር ነው እየተባለ ስለሆነ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም። አንድ ቦታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ግን አሰራሩ በየሰፈሩ ያው ነው። እኔ በቅርብ ያየሁት የአክስቴ ልጅ የተማረችበትን ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ስራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ነበር። እናቷ ዕቁብ ሲደርሳት ከፈለችላት። 18 ሺህ ብር፣ በአንድ ጊዜ፣ በቴሌብር፣ በአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር። ደረሰኝ ሲጠየቅ «ከሰርተፊኬቱ ጋር አብሮ ይሰጣል» ተባለ።

እስቲ ሂሳቡን እንስራው። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። 12 ሳምንት ሲባዛ 72 ሰዓት ይመጣል። በዚህ ውስጥ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሪአክት፣ ኖድ፣ ሞንጎዲቢ እና ጊት የሚባሉ የድረ ገጽ መስሪያ ቋንቋዎችና መሳሪያዎች ሊያልቁ ነው። መብራት የሚጠፋበትና አስተማሪ የሚቀርበት ቀን ገና አልተቀነሰም። ፍሪኮድካምፕን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነጻ የሚያስተምር ድርጅት ነው። ለመጀመሪያው ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም ለኤችቲኤምኤልና ለሲኤስኤስ ብቻ፣ ለዓመታት የሰጠው ግምት 300 ሰዓት ነበር። ለጃቫስክሪፕቱ ደግሞ ሌላ 300። ስለዚህ በ72 ሰዓት ሁሉንም እናስጨርሳለን የሚል ሰው ወይ ስራውን አያውቀውም፣ ወይ ያውቀዋል ግን እየሸወዳችሁ ነው።

ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አስተማሪው ኮዱን በፕሮጀክተር እያሳየ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ያልሰራለት እጁን ያወጣል። «ቀጥል፣ በኋላ አየዋለሁ» ይባላል። በኋላ የሚያየው ግን የለም፤ ሰላሳ ሰው ነው ያለው። የቤት ስራ ይሰጣል፣ አይታረምም። አስተማሪው ራሱ ያለፈው ባች ተመራቂ መሆኑን የአክስቴ ልጅ የሰማችው ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ በእሱ አልፈርድም፤ ግን አንድም ቀን ተቀጥሮ ኮድ ጽፎ አያውቅም። የቀሩበትን ክፍለ ጊዜ ለማካካስ ተብሎ በቴሌግራም የተላከላቸው ቪዲዮ ደግሞ ዩደሚ ከሚባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ የተገለበጠ ነበር። የሰው ኮርስ፣ ሎጎው ተሸፍኖ። ሦስት ወር ሙሉ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ መንጃ ፈቃድ እንደመጠበቅ ነው።

የመጨረሻው ፕሮጀክት የባሰ ነው። ሁሉም የሰሩት አንድ አይነት የምግብ ማዘዣ ድረ ገጽ ነው፤ የተለየው ቀለሙና የሬስቶራንቱ ስም ብቻ። እኔ በምሰራበት ቦታ አንዳንዴ የጀማሪ አመልካቾችን ጊትሃብ (የጻፉትን ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) የማየት ስራ ይደርሰኛል። እንዲህ አይነቱ ወዲያው ይታወቃል። ሙሉው ፕሮጀክት በአንድ ኮሚት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ተመዝግቦ ነው የገባው፤ ከዚያ በፊት ምንም፣ ከዚያ በኋላም ምንም። በሌላ ቀን ያንኑ ድረ ገጽ ሌላ አመልካች ይዞት ይመጣል። «ይቺ መስመር ምን ትሰራለች?» ብላችሁ ስትጠይቁ ዝም ነው። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የተማሩት መገልበጥ ነው።

የስራ ዋስትናውስ? ውሉ ላይ «በ90 በመቶው ክፍለ ጊዜ የተገኘ፣ ፕሮጀክቱን በሰዓቱ ያስረከበ፣ ፈተናውን ያለፈ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ። ይህን ሁሉ ላሟላ የሚሰጠው «የስራ ትስስር» ነው። ትስስሩ ማለት ማንም በነጻ የሚያየውን የስራ ማስታወቂያ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ሆኖ ተገኘ። ጎበዝ የተባሉትን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ያለ ክፍያ «ኢንተርን» አድርጎ ወሰዳቸው። የሚሰሩት ለእሱ ደንበኞች ነው። ከፍለው ተማሩ፣ ከዚያ በነጻ ሰሩለት። አክስቴ እስከ ዛሬ «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? እስቲ የሆነ ቦታ አስገባልኝ» ትለኛለች።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይመስላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖችም ልብ በሉ። ቀድሞ ላምዳ ስኩል፣ በኋላ ብሉምቴክ የተባለው የኮዲንግ ትምህርት ቤት ከተመራቂዎቹ ከ71 እስከ 86 በመቶው ስራ ያገኛል እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 እርምጃ ሲወስድበት እንደገለጸው፣ የራሱ የውስጥ መረጃ የሚያሳየው ወደ 50 በመቶ የተጠጋ ቁጥር ነበር፤ ለአንዳንድ ባች እስከ 30 በመቶ የወረደ። «ብድር አይደለም፣ ስራ ስታገኙ ከደሞዛችሁ ትከፍላላችሁ» የተባለውም ብድር ሆኖ ተገኘ፤ በአማካይ 4 ሺህ ዶላር ገደማ የብድር ወጪ ነበረበት። እዚያ ይህን የመረመረ መስሪያ ቤት አለ። እዚህ መርማሪው እናንተ ናችሁ።

ስለ ላፕቶፕ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበላው እዚያ ላይ ነው። «ኮር አይ 7 ካልሆነ አይሰራም፣ እኛ በቅናሽ እናቀርባለን» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ለጀማሪ 8 ጂቢ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው። ኮድ የሚጻፍበት ቪኤስ ኮድ ነጻ ነው፣ ብራውዘሩ ነጻ ነው፣ የሰራችሁትን ድረ ገጽ ጊትሃብ ፔጅስ ላይ በነጻ ትጭናላችሁ።

ትምህርቱም ነጻ ነው። ከፍሪኮድካምፕ ሌላ ኦዲን ፕሮጀክት አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሳችሁ እንድትሰሩ ስለሚያስገድድ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ የሆነው ሲኤስ50 ከባድ ነው፣ ግን መሰረት ያስይዛል። ኤምዲኤን የሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋዎች ማብራሪያ ለማጣቀሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራምም በነጻ ያስተምራል፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። እንግሊዝኛው ሊከብዳችሁ ይችላል፣ እውነት ነው። የኢንተርኔት ወጪም አለ፤ ቪዲዮውን ትታችሁ ጽሁፉን ካነበባችሁ ግን ፓኬጁ ይበረክታል።

ታዲያ ከፍሎ መማር ምንም አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል። መከፈል ያለበት ግን ለቪዲዮ፣ ለሰርተፊኬት ወይም ለተስፋ አይደለም። የምትከፍሉት ኮዳችሁን ቁጭ ብሎ አንብቦ «ይቺን ለምን እንዲህ ጻፍካት?» ለሚል ሰው ነው። ስለዚህ ስትደውሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «የእኔን ኮድ ማነው የሚያየው? በሳምንት ስንቴ?» ጥርት ያለ መልስ ከሌለ ቀሪውን አትስሙት። መልስ ካለ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ተቀመጡ። ያለፉትን ሁለት ሦስት ተመራቂዎች ጊትሃብ አሳዩኝ በሉ። ክፍያውን በወር ከፋፍሉት፣ ደረሰኙን እዚያው ተቀበሉ፣ የስልጠና ፈቃዳቸውንም እዩ። «እሱን ከተመዘገባችሁ በኋላ እናሳያችኋለን» ካሉ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ ማስታወቂያውን ሳይሰረዝ ስክሪንሾት አንሱት። የቴሌብሩን መልእክትና ውሉን አስቀምጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅሬታችሁን በጽሁፍ አድርጉት፤ መጀመሪያ ለእነሱ፣ ካልሆነ ለክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት። አክስቴ ስትለምን ማንም አልሰማትም። ደረሰኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ስናስገባ ግን በሳምንቱ ግማሹ ብር ተመለሰ። በየወሩ እየከፈላችሁ ከሆነ የሚቀጥለውን ወር ከመክፈላችሁ በፊት ደብዳቤውን አስገቡ።