165/70 ወይስ 175/70?

ጎሚስታው ደጃፍ ቆሜያለሁ፣ ባሕር ዳር። ሁለት ጎማ፣ ሁለቱም ለ14 ቸርኬ። የቪትሴ በር ላይ የተለጠፈው 165/70 ነው፤ ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ማለት ነው። ጎሚስታው ግን «ወንድሜ፣ 175/70 አድርግባት፣ ከፍ ትልልሃለች» አለኝ።

ስንት ከፍ? ስልኬ ላይ አሰላሁት። የ165ቱ ቁመት 587 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የሰፊው 601። መኪናዋ ከመሬት የምትርቀው የልዩነቱን ግማሽ ነው፤ 7 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳስ ውፍረት! ለዚያች ሲባል ጌጁ 60 ሲያሳይ በእውነት 61 ተኩል ገደማ ትነዳለህ። መሪው ጥግ ድረስ ሲዞርም ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል።

እርግጥ የሰፊው ጎን ረዘም ስለሚል ኮብልስቶን ላይ ለስለስ ይላል። ኮረኮንች ለሚበዛበት ሰው አይጠላም። የኔ ውሎ አስፋልት ነው፤ 165ቱን አስገጠምኩ። 175/65 ቢኖረው ግን አመነታ ነበር፤ እሱ ከፋብሪካው ቁመት የሚያንሰው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።