ናርጋ ሥላሴ እናደርሳችኋለን ለሚሉት ብር እንዳትልኩ

ጥር ሲገባ ጎንደር ፒያሳ ላይ የሚበዙትን ጉዞ አዘጋጆች ታውቋቸዋላችሁ። ምሰሶ ላይ ባነር ያስራሉ፣ ቴሌግራም ላይ የጣናን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ከሥሩ «መሳፈሪያ፣ ጀልባ፣ ምግብና አዳርን ጨምሮ» ብለው ይጽፋሉ። ቅድሚያውን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ቀሪውን መኪና ስትሳፈሩ ትሰጣላችሁ። ጣና ዳር እስካለችው ጎርጎራ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። እኛ የተቃጠልነው ከጎርጎራ በኋላ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አሠራራቸውን ግን ልናገር፤ ጥምቀት ደርሷል፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም እንግዳ እየገባ ነው፣ እነሱም ባነራቸውን አላወረዱም። ትናንት ማታ አልፌ አይቼዋለሁ።

እናቴ ለናርጋ ሥላሴ ጥላ ተስላ ነበር። የወንድሜ ጉዳይ ነው፣ ዝርዝሩ ይቅር፤ ሰምሮላታል። ጥላውን ገዝታ፣ ዙሪያውን ዘርፍ አሰፍታ፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ የጥር ሥላሴን ትጠብቅ ነበር። ናርጋን ለማታውቁ፣ ጣና ውስጥ ካለችው የደቅ ደሴት በስተምዕራብ ጫፍ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት የእኛዋ የቁስቋሟ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ግድግዳው ላይ እቴጌይቱ ራሳቸው እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እናቴ ቁስቋምን እየተሳለመች ያደገች ሰው ናት። ያንን ሥዕል በዓይኗ ማየት ትመኝ ነበር። ለእሷ ይሄ ሽርሽር አይደለም። ለአዘጋጁም ይህንኑ አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። «እማማን በጀርባዬም አዝዬ ቢሆን አደርሳቸዋለሁ፣ በሥላሴ ስም» ነበር ያለኝ። በሥላሴ ስም!

በሰው 3,500 ብር ከፈልን። ጥር 6 እንሄዳለን፣ ደቅ እናድራለን፣ ማኅሌቱን ቆመን በነጋታው ጥር 7 ንግሡን እናከብራለን፣ ከዚያ የደቅን መንደሮች በእግር ዞረን እንመለሳለን። ውሉ ይሄ ነው።

ከጎንደር በጠዋት ወጣን። አዘዞ፣ ቆላድባ፣ ጯሂት፣ ጎርጎራ። ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ነበርን። ውሃው ንቅንቅ አይልም ነበር። ጀልባዋም ታስራ ትታያለች። ግን «ባለ ጀልባው ቤንዚን ሊያመጣ ሄዷል» ተባልን። «እስከዚያ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለሙ» አሉን፣ ተሳለምን። ደብረ ሲና እኮ ለራሷ ሙሉ ቀን የሚገባት ቦታ ናት፣ ያ ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ እነዚያ የጥንት ሥዕሎች፣ ሰው ቢቸኩልም አይጠግባቸውም። ቅር አላለንም። ስንመለስ ደግሞ «ምሳ ብሉና እንነሳለን» መጣ። ምሳ የተባለው አንድ ትሪ ሽሮ ለአምስት ሰው ነው። እሱንም ችለን በላን። ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።

ጣናን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይገባዋል። ጠዋት ውሃው ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ደቅ ደግሞ ከጎርጎራ ቅርብ አይደለችም። ሐይቁ ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ደቅ ያለችው ወደ መሃሉ ነው። በሞተር ጀልባም ቢሆን ሰዓታት ይፈጃል። ደቅ የሚሄድ ሰው በማለዳ ነው የሚነሳው። እኛን ነፋሱ እስኪነሳ ሆን ብለው ነው ያስቀመጡን።

ዳር ዳሩን የያዘውን እምቦጭ አልፈን ወደ ጥልቁ ወጣን። ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ። እናቴ ጥላዋን ታቅፋ መሃል ላይ ተቀምጣለች። የጎርጎራ ዛፎች አንድ ላይ ገጥመው ጥቁር መስመር ሲመስሉ ሞተሩ ጠፋ። ተበላሽቶ አይደለም። ባለ ጀልባው በእጁ ሲያጠፋው አይቻለሁ። ጀልባዋ ማዕበሉን በጎኗ እየተቀበለች መወዛወዝ ጀመረች፣ መዝሙሩ ቆመ። «አስተባባሪ» ተብሎ አብሮን የመጣው ልጅ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፣ በአንድ ጆሮው ኢርፎን ሰክቷል። ኢርፎኑን እንኳ ሳያወልቅ እንዲህ አለን፦ «ወገኖች፣ ነፋሱን እያያችሁት ነው። ቤንዚንም ጨምሯል። ደቅ የምትሉ ከሆነ በሰው 2,000 ብር ይጨመራል። አይ ካላችሁ ማንዳባ መድኃኔ ዓለምን አሳልመን እንመልሳችኋለን።»

ማንዳባ የወንዶች ገዳም ነው። ሴት አትገባም። ከተሳፈርነው ውስጥ ደግሞ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን! ይህን ልጁም ያውቃል፣ አለቃውም ያውቃል።

አንድ የአዘዞ አባት ነበሩ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው። «ልጄ፣ እኛ እኮ ከፍለን ነው የመጣን። ደቅ ተብለን ነው» አሉት። አልመለሰላቸውም። ዞር ብሎ ወደ ውሃው አየ። የመለሰው ባለ ጀልባው ነው፦ «አባቴ፣ ለእኔ የተከፈለኝ ለማንዳባ ነው።» ልጁ በዓይኑ ገሠጸው፣ ግን ነገሩ ከአፉ ወጥቷል። ከመጀመሪያውም ደቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከእኛ የደቅ ዋጋ ተቀብለው ጀልባዋን የተከራዩት ለአፍንጫ ሥር ቦታ ነው። ነፋሱ ሰበብ እንዲሆናቸው ብቻ ነው ግማሽ ቀን የጠበቁት።

እናቴ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። ሲገባት የጠቀለለችበትን ነጠላ ገልጣ ጥላውን ለልጁ አሳየችው። «የእኔ ልጅ፣ ይሄ የሥላሴ ነው። ነገ ንግሥ ነው። እባክህ» አለችው።

ልጁ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ ሥላሴ የትም አሉ እኮ። ጎንደር ደብረ ብርሃን አለልዎት፣ እዚያ ያስገቡት» አላት።

ባለ ጀልባው ሳቀ።

ይህችን ነገር መርሳት አልቻልኩም። ለጎንደር ሴት ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንዳለ እሱ ነው የሚነግራት? ወር በገባ በ7 ማን ሆነና ነው እዚያ የምትሳለመው? ስለት የትም ተወስዶ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ለናርጋ የተባለ ለናርጋ ነው። ብር መውሰዳቸው አንድ ነገር ነው፣ ብር ይተካል። ግን የሰው እናት እያለቀሰች ስልክ መነካካት ምን ይባላል? እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥላውን መልሳ ጠቀለለችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነጠላው አልታሰር ሲላት አብሬያት አሰርኩት።

በዚህ መሃል አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው አጠገባችን ደረሰ። መቅዘፊያውን አቁሞ «ሞተሩ እምቢ አላችሁ እንዴ? ሰው ልጥራላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ልጁ ቀድሞ «ሰላም ነን፣ ፎቶ እያነሱ ነው» ብሎ ሸኘው። ሰውዬው ግን ቶሎ አልሄደም፣ ፊታችንን እያየ ትንሽ ቆይቶ ነው የቀዘፈው። ዕዳው ያልሆነ ሰው እንኳ አዝኖልናል።

ለአዘጋጁ ደወልኩ፣ አያነሳም። ተማከርን። ያለው «እንጨምርና እንሂድ» አለ፣ የሌለው ዝም አለ። አንዲት ልጅ ያዘለች እህት «እኔ የመመለሻ እንኳ የለኝም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «የምንችለው እንክፈል» ስንል «ሁሉም ካልከፈለ ጀልባዋ አትነሳም» አለ። ማዕበሉም እየባሰ ነበር። ወደ ማንዳባ ዞርን። ወንዶቹ ወረዱ፣ እኛ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ቀረን። የአዘዞው አባት «እናንተን ጥዬ አልሳለምም» ብለው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ጎንደር ገባን።

በነጋታው፣ ናርጋ ንግሥ በሆነበት ሰዓት፣ እኔ የአዘጋጁ ቢሮ በር ላይ ነበርኩ። ቢሮ ማለቴ አንድ ጠረጴዛና የጣና ፖስተር ነው። ቡናውን እየጠጣ «እህቴ፣ ነፋስ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ባለ ጀልባው ያለውን ስነግረው «እሱ ሰካራም ነው» አለ። ከዚያ ባነሩን አሳየኝ፤ ከታች፣ ከስልክ ቁጥሩም በታች፣ በትንንሹ «እንደ አየሩ ሁኔታ ፕሮግራሙ ሊቀየር ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ብሩን ግማሽ እንኳ ይመልስልኝ ብዬ ብለምነው «ማንዳባ ሄዳችኋል አይደል?» አለኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ልጆች እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ባለ ጀልባውን ራሱን አግኝታችሁ «የተከፈለህ እስከ የት ነው?» ብላችሁ ሳትሳፈሩ ጠይቁት። ጎርጎራ አድራችሁ በማለዳ ካልተነሳችሁ ደቅ አትበሉ። ሴቶች፣ ማንዳባም ዳጋ እስጢፋኖስም እንደማያስገቡን እያወቁ «ጉዞው ውስጥ አለ» የሚሏችሁን አትመኑ። ቀሪውን ብር ከመኪና ላይ አትስጡ።

ጥር 6 አብራችሁን የነበራችሁ፣ የቴሌብር መልእክቱን እንዳታጠፉት። ከአዲስ አበባ የመጣችሁት እህትማማቾች፣ ስልካችሁን ስላልያዝኩ ይህን ካያችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ልጅ ያዘለችውን እህትም የሚያውቃት ካለ ንገሩልኝ። ሰኞ ጠዋት ከአዘዞው አባት ጋር ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን፣ በዛ ብለን ብንገኝ ይሻላል።