ከሐዋሳ የገዛሁት ሳይንሳዊ ካልኩሌተር እና ባለ 21 አሃዙ ቁጥር

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለሆነችው የእህቴ ልጅ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ገዛሁላት። ሻጩ 1,800 ብር ጠርተው በ1,650 ተስማማን። ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፤ ጽሑፉም በደንብ ይነበባል። ስለ ሳይንና ኮሳይን የሚነቀፍ ነገር ስላላገኘሁበት፣ የምጽፈው በትልልቅ ቁጥሮች ላይ ስላሳየው ጠባይ ብቻ ነው።

መሣሪያው አንድን ቁጥር ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ሌላ ቁጥር እኩል ወደማያካፍላቸው አካፋዮች፣ የሚበትን ቁልፍ አለው። ለመፈተኛ የመረጥሁት 4294967297ን፣ ማለትም 32 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው (2^32) አንድ ሲጨመርበት የሚገኘውን ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቁ ፒየር ደ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ገምቶት የነበረ ሲሆን፣ ሌዎናርድ ኦይለር ግን እ.ኤ.አ. በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳይቷል። ካልኩሌተሩ ወዲያው «641 × (6700417)» ብሎ መለሰ። ቅንፉ ስህተት አይደለም፤ መሣሪያው በትንንሽ አካፋዮች ሞክሮ የቀረውን ቁጥር ብቸኛ ይሁን አይሁን ሳያረጋግጥ ማስቀመጡን ያመለክታል። ይህን ሐቀኝነቱን ወድጄለታለሁ።

ቅንፉን የፈታነው ራሳችን ነን። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ ለ128 ሲካፈሉ 1 እንደሚተርፋቸው ይታወቃል፤ የ6700417 ስኩዌር ሩት ደግሞ 2588 ገደማ ስለሆነ፣ መሞከር የነበረብን 257ን፣ 641ን፣ 769ን፣ 1153ን እና 1409ን ብቻ ነበር። አምስቱም እኩል አላካፈሉትም። ስለዚህ 6700417 ብቸኛ ቁጥር ነው። አምስቱን ማካፈል በካልኩሌተሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ለእኔ የከፈልሁበት ዋጋ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ማሬን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ቁጥሮች መካከል 2^67 − 1 ይገኝበታል፤ ሲጻፍ 147573952589676412927 ነው። ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 አንድም አካፋይ ሳያገኝለት ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን 193707721 እና 761838257287ን ያገኘው ደግሞ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1903 ነበር። ልጅቷ 2^67 − 1ን ስታስገባ መስኮቱ 1.475739526 × 10^20 አሳየ። 2^67ን ብቻ ስታስገባም ያንኑ ደገመ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ብትቀንስ መልሱ 1 መሆን ሲገባው 0 ሆነ።

«ጋሼ፣ አንዷ የት ገባች?» አለችኝ።

መሣሪያው በውስጡ የሚይዘው ከ21 አሃዝ ያነሰ ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሳይነገረን ተጥለዋል። ለመለኪያ ሥራ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ስለ አካፋይ ለሚጠይቅ ሰው ግን የቁጥሩ ምስጢር ያለው ጭራው ላይ ነው። ከቅንፉ ጋር ሳነጻጽረው፣ እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት መኖር ነበረበት። ያጣነውን በወረቀት ፈለግነው። 2 በራሱ እየተባዛ ሲሄድ የሚገኙት ቁጥሮች የመጨረሻ አሃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ስለሚዞርና 67 ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ፣ 2^67 በ8 ያበቃል፤ አንድ ሲቀነስ 7 ይሆናል። የአሃዞቹ ድምር 109 ስለሆነም ለ3 አይካፈልም። የኮልን ብዜትም በዘጠኝ ቀሪ ፈተሽነው፦ ሁለቱም አካፋዮች ለ9 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል፤ ብዜታቸውም እንዲሁ። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል።

ሻጩ ዕቃውን ከማሸጊያው አውጥቼ እንድሞክረው ስለፈቀዱልኝ አመሰግናቸዋለሁ። የሚበትነው ቁልፍ የሌለው ሞዴል በዚያው ዋጋ ከጎኑ ተደርድሮ ስላየሁ፣ ገዢ ከመክፈሉ በፊት 4294967297ን አስገብቶ 641 መውጣቱን ቢያይ ይሻላል።