መብራት ሲጠፋ በደንብ የሚሰማው አንቴናዬ፦ ከበጋ እስከ ክረምት

ይህን አንቴና የሰቀልኩት ባለፈው ጥቅምት ነው። አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነው። የበጋውን ፀሐይም የነሐሴን ዝናብም ስለቀመሰ፣ ስለ እሱ ማውራት የምችል ይመስለኛል። ፍርዴን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፦ ሽቦው ከጠበቅኩት በላይ ነው። አስቸጋሪው ሰፈሩ ነው።

ቤቴ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ያለኝ ኤስኤስቢ (አማተሮች በአጭር ሞገድ ሲያወሩ የሚጠቀሙበት የድምፅ አላላክ) የሚቀበል ትንሽ የእጅ ራዲዮ ነው። አማተር የምለው ለፍላጎቱ ብሎ በራዲዮ ከሌሎች ጋር የሚገናኝን ሰው ነው። እሰማለሁ እንጂ አልልክም። ከራዲዮው ጋር የሚመጣው ተመዛዥ አንቴና ለአጭር ሞገድ ብሮድካስት ይበቃል። አማተሮች ሲያወሩ ለመስማት ግን እዚህ መሀል ከተማ ላይ ምንም አይፈይድም።

የሠራሁት ዳይፖል የሚባለውን ነው። መሀሉ ላይ ተቆርጦ ሁለት ክንድ ያለው ሽቦ ነው፣ በቃ። የተሠራው ለ20 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር አካባቢ ለሆነው ክልል) ነው፤ ከ14 እስከ 14.35 ሜጋኸርዝ ያለው ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 142.5ን ለምትፈልጉት ሜጋኸርዝ ታካፍላላችሁ። ለ14.15 ወደ 10 ሜትር ይመጣል፤ በአንድ ክንድ 5 ሜትር ከትንሽ። ለ40 ሜትር ባንድ ቢሆን እጥፍ ይፈልጋል፣ እኛ ሕንፃ ላይ ደግሞ ያን ያህል ቦታ የለም።

ሽቦው ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ነው። ጫፍና ጫፉን፣ መሀሉንም የያዘው ከተሰነጠቀ የፕላስቲክ መክተፊያ የቆረጥኩት ቁራጭ ነው። መሀሉ በአጣና ጫፍ ላይ ከፍ ብሏል፤ ሁለቱ ክንዶች ግራና ቀኝ በናይለን ገመድ ተወጥረው ይወርዳሉ። ወደ ቤት የሚያስገባው ተራ የዲሽ ኬብል ነው፤ ለሞገዱ የሚያሳየው መቋቋም 75 ኦም ነው። ለአማተር ራዲዮ 50 ኦም ነው እንጂ 75 ኦም አይሆንም የሚሉ አሉ። ለመስማት ብቻ ከሆነ አትጨነቁ፤ ልዩነቱ በጆሮ አይለይም። እንዲያውም በነፃ ቦታ ላይ የተዘረጋ ዳይፖል የራሱ መቋቋም 73 ኦም አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያውን ሳምንት የሰማሁት በአብዛኛው ጩኸት ነበር። ዝዝዝ የሚል፣ ከባንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ራዲዮው በባትሪ ነውና መሥራቱን ቀጠለ። ጩኸቱ ግን አብሮ ጠፋ! ከሥሩ የጣሊያኖች፣ የሩሲያዎች፣ የሕንዶች ድምፅ ብቅ አለ። ለካ አንቴናው ሲሰማ የነበረው የሕንፃውን ኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀርና ዋይፋይ ነው። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በሰፈሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይህን በግምት ብቻ አልተውኩትም። በ14.100 ሜጋኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ 18 ጣቢያዎች ተራ በተራ ለ10 ሰከንድ ይልካሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ ስሙን በሞርስ ይጠራና አራት ረዘም ያሉ ድምፆች ያሰማል። የመጀመሪያው በ100 ዋት ነው፣ ቀጥሎ በ10፣ ቀጥሎ በ1፣ የመጨረሻው በ0.1 ዋት። አንቴና ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፣ ነፃም ነው። እኔ የምከታተለው የእስራኤሉን 4ኤክስ6ቲዩ ነው፤ ከእኛ ወደ 2,600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በተመዛዡ አንቴና ስሙ ራሱ በግድ ነው የሚሰማው። በሽቦው የ10 ዋቷ ትሰማለች፤ ጥሩ ቀን ከሆነ የ1 ዋቷም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የመጨረሻዋ 0.1 ዋት አንዳንዴ ትመጣለች። የእጅ ባትሪ አምፖል ከምትበላው ያነሰ ጉልበት ነው ይህ።

ታዲያ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ የለባችሁም። መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት ብሬከር አጥፉና ራዲዮውን በባትሪ ስሙ። ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መልሱ። እኔ ቤት ዋናው ጥፋተኛ የወጥ ቤቱ ኤልኢዲና አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሆነው ተገኙ። ሁለቱንም ቀየርኳቸው። የጎረቤትን ቻርጀር ግን ማን ይቀይራል?

ለጎረቤት ጩኸት የሚረዳው ኬብሉን መግታት ነው። የዲሽ ኬብሉ ውጫዊ መረብ ራሱ አንቴና ሆኖ የሕንፃውን ጩኸት እየለቀመ ወደ ላይ ያደርሳል። ስለዚህ አንቴናው ሥር ኬብሉን ወደ አስር ዙር ጠቅልዬ አሰርኩት። ቤት ውስጥ ደግሞ ምናለሽ ተራ ያገኘሁትን ትልቅ የፌራይት ቀለበት (በኬብል ላይ የሚሄድ ጩኸት የሚገታ) ተጠቀምኩ፤ ቀጭን ኬብል ብዙ ጊዜ አሾልኬበት። አንዴ ብቻ ማሾለክ ብዙም አይጠቅምም፤ ዙሩ ሁለት እጥፍ ሲሆን መከላከሉ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከተበላሸ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫ ቀለበት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በአጠቃላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ አጣናውን ከፍ ከማድረግም በላይ።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ አይቀር፣ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ፈቃድ ስጠይቅ አጣናውን ቀና ብለው አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጨረር አለው እንዴ?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ። እሱ ይሰማል እንጂ አይናገርም።»

«እንግዲያው ከብዙዎቻችን ይሻላል» ብለው ፈቀዱ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ደግሞ ዝቅ ያለውን ክንድ የልብስ ማስጫ አድርገውታል። እርጥብ ነጠላ ሲሰጣበት ድምፁ ትንሽ ይደክማል። ምንም አላልኳቸውም።

ክረምቱ ሽቦውን አልነካውም። የጎዳው ኬብሉን ነው። የበጋው ፀሐይ ውጫዊ ሽፋኑን አደረቀው፣ ዝናቡ በስንጥቁ ገባ፣ መረቡ ጠቆረ። የላይኛውን ሜትር ቆርጬ አዲስ አሰርኩና መገናኛውን በፕላስተርና በሲሊኮን አሸግኩት። ናይለን ገመዱም ተበጣጥሷል፤ በየዓመቱ የሚቀየር ዕቃ ነው ብላችሁ ያዙት። አጣናው ትንሽ ጎብጧል፣ ግን ቆሟል። ነጎድጓድ ሲመጣ ኬብሉን ነቅሎ ከመስኮት ውጭ መጣል ግዴታ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ይህ የዕለት ሥራ ነበር።

ከልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ ሁለተኛ ትንሽ አንቴናም ሠርቻለሁ። ለ145.800 ሜጋኸርዝ ነው፣ ክንዱ 49 ሳንቲ ሜትር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላያችን ሲያልፍ አንዳንዴ በዚህ ይሰማል፤ ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል። የምጠቀምበት የዩኤስቢ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ) ግን በከተማው ኤፍኤም ጉልበት ይታፈናል፤ የኤፍኤም ማጣሪያ ሳይኖረው አይሆንም።

መላክ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥራውን በዓይን ለማየት ደግሞ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። የእኔን አንቴና እንዳለ መላኪያ ላይ እንዳትሰኩት። ርዝመቱ በመለኪያ መስተካከል አለበት። ሲላክበት የክንዶቹ ጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ ሰው በማይደርስበት ከፍታ መሆን አለበት። የእትዬም ነጠላ ሌላ ማስጫ ይፈለግለታል።